ለጨርቅ የተለቀሰ ልቅሶ

ከቀዶ ጥገና በኋላ ሕመሙ አልለቅ ብሏችሁ፣ «አሁን ደግሞ ምን ብዬ ልናገር?» እያላችሁ ዝም ያላችሁ ካላችሁ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። የሆስፒታል ስም አልጠራም። የራሴንም ስም ባልጽፈው ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ጭሮ ትንሽ ከተማ ናት፣ ብደብቀውም ጣት ወደ ቤቴ መቀሰሩ አይቀርም። ወይንሸት እባላለሁ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። ባለቤቴ ግርማ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለው፤ አንዲት ልጅ አለችን።

ነገሩ የጀመረው በወር አበባ መብዛት ነው። መጀመሪያ ዕድሜ ነው ብዬ ተውኩት። በኋላ ግን ጥቁር ሰሌዳውን ተደግፌ ካልቆምኩ የምወድቅ እስኪመስለኝ ደሜ አለቀ። የከተማችን ሆስፒታል ሄድኩና ማዮማ ነው አሉኝ፤ ማኅፀን ላይ የሚያድግ፣ ካንሰር ያልሆነ እጢ ነው። ያየችኝ ሐኪም ወጣት ናት፣ ዶክተር ሲፈን ትባላለች። «እዚሁ እናወጣዋለን። ደም የሚለግሱ ሰዎች ይዘሽ ነይ» አለችኝ።

አፌ እሺ አለ፤ ልቤ ግን አላለም። የኮሪደሩን ግርግር፣ የተሰነጠቀውን ወለል፣ ውሃ በጀሪካን የሚያመላልሱትን አስታማሚዎች እያየሁ ወጣሁ። በሌላ ክልል ትልቅ ከተማ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ስልክ ላይ ሲሰማ ጮኸ። «እዚያ ልትቀደጂ? አብደሻል እንዴ! ነይ እዚህ፣ ሰው የሆነ ሐኪም ይይሽ።» እኔም የፈለግኩት ይህንኑ ነበር።

የወሰደኝ የግል ሆስፒታል መስታወት የለበሰ ፎቅ ነው። ወለሉ ከማብረቁ የተነሳ በጫማዬ መርገጥ አፈርኩ። ሁሉም ነገር ጸጥ ያለ፣ ሁሉም ነገር ንጹሕ። ስሜን የጠየቀኝ ካርድ ያወጣችልኝ ልጅ ብቻ ናት፤ ከዚያ በኋላ ስሜ «አልጋ ሰባት» ሆነ። አንዲት ነርስ መርፌ ይዛ መጣችና «የስኳርሽን ልውጋሽ» አለችኝ።

«እኔ ስኳር የለብኝም።»

«አልጋ ሰባት አይደለሽ?»

«ጠዋት ነው ከዚያኛው ክፍል ያዛወራችሁኝ።»

«ኧረ ወይኔ!» ብላ ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅኩ። እንዲህ ባማረ ቤት ውስጥ ክፉ ነገር ይደርሳል ብሎ ማን ያስባል?

ሙሉ ማደንዘዣ ሰጥተው አስተኙኝ፤ ስነቃ አልቋል። ቀዶ ሐኪሙ እግሬ ዘንድ ቆሞ «ተሳክቷል፤ ከእንግዲህ አታስቢው» አለኝና ሄደ። ወንድሜን ግንባሩን ሳምኩት። ጭሮ ስመለስ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ስለ ሊፍቱ አወራሁ።

ደሙ ቆመ፤ ሌላው ግን አልቆመም። ከስፌቱ በስተግራ የሚጎትተኝ ነገር አለ። ስተኛ ይከብደኛል፣ ስቆም ይወጋኛል። ትኩሳቱ ይመጣል፣ ይሄዳል። ሰፈራችን ያለው ክሊኒክ ታይፎይድ ነው ብሎ መርፌ አዘዘልኝ፤ ጨረስኩት፣ አልለቀቀኝም። ሌላው የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው አለ። ሦስተኛው ጨጓራ ነው ብሎ ሽሮ እንዳልበላ ከለከለኝ። ወደ ቀደደኝ ሆስፒታል ስልክ ስደውል አንዲት ለስላሳ ድምፅ «ቁስል ጊዜ ይፈልጋል እናቴ፣ ታገሺ» አለችኝ። ታገስኩ። ከዚያ የስፌቱ ጫፍ ተከፈተና መግል መውጣት ጀመረ።

ሕመሙን እችለው ነበር፤ ሽታውን ግን እንዴት ልቻለው? ጨርቅ አጥፌ ከልብሴ ሥር አስራለሁ፤ በዕረፍት ሰዓት መጸዳጃ ቤት ገብቼ እቀይራለሁ። ክፍል ስገባ መጀመሪያ መስኮት እከፍታለሁ። የፊት ወንበር ላይ የሚቀመጡት ልጆች አንድ በአንድ ወደ ኋላ ሄዱ። አንድ ቀን መምህራን ክፍል ጠረጴዛዬ ላይ ሽቶ ተቀምጦ አገኘሁ። ማን እንዳስቀመጠው አልጠየቅኩም፤ አስቀማጩም አልተናገረም። በቸርነት እንደሆነ አውቃለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ተዋርጄ አላውቅም።

ቤት ውስጥም ነገሩ ተለወጠ። ግርማ ፍራሹን ሳሎን አነጠፈ። «እንዳልነካብሽ ብዬ ነው፣ ቁስል አለብሽ» አለኝ። እውነቱን ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ቤተ ክርስቲያን ስሄድም በሩ ላይ ቀረሁ። ፈሳሽ ያለባት ሴት አትገባም፤ ይህንን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፣ አልተከራከርኩም። ከቅጥሩ ውጭ ቆሜ ቅዳሴውን በድምፅ ማጉያ አዳምጣለሁ። የሚያልፍ ሰው ሲያየኝ ስልክ የማወራ እመስላለሁ።

የባሰው ግን ሚኒባስ ውስጥ መጣ። ገለምሶ አንድ ዘመድ ሞቶብን ልቅሶ ደርሼ ስመለስ ጎረቤቴ ዘይነባ አብራኝ ተሳፈረች። ዘይነባ ጫት ነጋዴ ናት፤ ገለምሶ እየገዛች ጭሮ ታመጣለች። ልጆቻችንን አብረን ነው ያሳደግናቸው። መኪናው ሞልቶ፣ መስኮቱ ተዘግቶ መንገድ ጀመርን። ትንሽ እንደሄድን ከኋላ አንድ ሰውዬ «ሹፌር፣ የሞተ ነገር ጭነሃል እንዴ?» አለ። አንዷ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አደረገች። ረዳቱ ጎንበስ ብሎ በየወንበሩ ሥር መፈለግ ያዘ። እኔስ ምን አደረግኩ? እኔም ጎንበስ አልኩና ከወንበሬ ሥር መፈለግ ጀመርኩ። የገዛ ገላዬን ሽታ ከሰው ጋር ሆኜ ፈለግኩ።

ዘይነባ አየችኝ። ቀና አለችና «አትድከም፣ እኔ ነኝ!» አለችው ረዳቱን። «የፍየል ቆዳ ይዣለሁ፣ በደንብ አልደረቀም። አፉ በሉኝ፣ አላህ ይስጣችሁ።» ሰው አጉረመረመባት። ሰውዬው እስክንወርድ ድረስ ሲሰድባት መጣ። እሷ እየሳቀች መስኮት ከፈተችና እጄን ያዘችኝ።

ጭሮ ስንወርድ ከመናኸሪያው ጀርባ ወሰደችኝ። «አሁን ንገሪኝ» አለች። ልብሴን ገልጬ አሳየኋት። «ያ ረቢ!» ብቻ አለች። ከዚያ ነጠላዬን መልሳ አስተካከለችልኝ።

በማግስቱ ግርማ ወደ አንድ ክሊኒክ ይዞኝ ሄደ። አልትራሳውንድ ያነሳኝ ባለሙያ ስክሪኑን እያየ ፊቱ ተለወጠ። ትልቅ እብጠት አለ፣ ከአንጀት ጋር ተያይዟል፣ ካንሰር ይመስላል አለን። እኔን ሳይሆን ግርማን እያየ ነው የተናገረው።

ግርማ ለእህቱ ነገራት፤ እህቱ ለዕድሩ ሴቶች። ሴቶቹ እየመጡ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ይቀመጡና ዓይናቸውን ያብሳሉ። «ገና ልጅ ናት እኮ» ይላሉ፣ እኔ የሌለሁ ይመስል። የነፍስ አባቴ መጥተው ጸሎት አደረጉልኝ፤ ማኅበርተኞቹ ሱባዔ ያዙልኝ። እናቴ በዚያ ዕድሜዋ፣ በዚያ ፀሐይ፣ አሰቦት ገዳም ወጥታ ጸበል ተሸክማ መጣች። እኔም ተስፋዬን ጨርሼ ነበር። የክት ቀሚሴን ለልጄ ስሰጣት ተቀብላ ወደ ቁም ሳጥኔ መለሰችው። «ራስሽ ትለብሺዋለሽ» አለችኝ።

ወንድሜ ወደዚያው ከተማ ልውሰድሽ ይላል። ዘይነባ ግን ወገቧን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። «ወላሂ፣ ለመሞት ከሆነ የምትሄጂው ምን ሩቅ አስኬደሽ? ለመዳን ከሆነ ደግሞ ያቺ ዶክተር እዚሁ አለች። ነይ፣ ባጃጅ አቁሜያለሁ።»

ሆስፒታላችን እንደተውኩት ነው። አግዳሚው ላይ ተጠጋግተን ተቀመጥን። ከአጠገቤ ሕፃን ያቀፈች የገጠር ሴት ነበረች። ሽታዬ ሲደርሳት ትነሳለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ልጇን ወደ ሌላኛው ጉልበቷ አዛውራ እዚያው ቀረች። ይህንን የጻፍኩት ትልቅ ነገር ስለሆነ ነው።

ዶክተር ሲፈን ወዲያው አወቀችኝ። ንቄያት የሄድኩባት ሐኪም ናት፤ «ያኔ ብነግርሽ» ትለኛለች ብዬ ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩ። አላለችም። ጓንቷን ለወጠች፣ ፋሻውን ፈታች፣ ጎንበስ ብላ አየች። አፍንጫዋን አልያዘችም። አልትራሳውንዱን ራሷ ደግማ አነሳችኝና ሌላ ሐኪም ጠርታ አሳየችው።

«ካንሰር ነው?» አልኳት።

«አላውቅም። ሳልከፍተው ነው ብዬም፣ አይደለም ብዬም አልነግርሽም። ሂን ሶዳቲን፣ አትፍሪ።»

አስተኙኝ። እዚህ ላይ አላጋንንም። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ውሃ ይጠፋል፤ አንድ ድመት በየአልጋው ሥር ትዞራለች። አንድ ነርስ ከጎኔ የተኛችውን ሴት ቁስል ባጠበበት ጓንት ወደ እኔ ሲመጣ ዶክተር ሲፈን ከበሩ «ጓንት!» ብላ መለሰችው። ፍጹም ቤት አይደለም። ግን አንድ ነገር ነበራቸው። የእጄ አንጓ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፈው ስሜን፣ የአባቴን፣ የአያቴን ስም በእስክሪብቶ ጻፉበት። ኪኒን ሲሰጡኝ ስም፤ ደም ሲወስዱ ስም፤ ደም ሲሰጡኝ ሁለት ሆነው ስም። ሰለቸኝና «ስንቴ ነው የምትጠይቁኝ?» አልኩ።

«እዚህ ክፍል ሦስት ፋጡማ፣ ሁለት ወይንሸት አለን» አለችኝ ሲስተሯ። «ከምናሳስትሽ ብናሰለችሽ ይሻላል።»

ቀዶ ጥገና ክፍል ሲያስገቡኝ ከወገቤ በታች የሚያደነዝዝ መርፌ ወጉኝ። ስለዚህ ነቅቼ ነው የሰማሁት። ከመጀመራቸው በፊት ሁሉም ቆሙ። ዶክተር ሲፈን ስሜንና ቀዶ ጥገናው የሚደረግልኝን ምክንያት ጮክ ብላ ተናገረች። ከዚያ አንዲት ነርስ ጎዙን፣ ደም የሚያደርቁበትን ፋሻ ማለት ነው፣ አንድ በአንድ እያነሳች በኦሮምኛ መቁጠር ጀመረች፤ «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ፣ አፉር...» ሌላዋ እየተከተለች ሰሌዳ ላይ ትጽፋለች። ያኔ ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

ሆዴ ሲጎተት እንጂ ሲያም አይሰማኝም። ከዚያ ሽታው መጣ። በአንድ ጊዜ ክፍሉን ሞላው። አንዱ ተማሪ ሐኪም እያስመለሰው ወጥቶ ሲሮጥ ሰማሁ። እጄ ታስሯል፤ ፊቴን መሸፈን አልችልም። «ይቅርታ አድርጉልኝ» አልኩ። ሁሉም አጎንብሰው አንድ ነገር እያዩ ነበር። ከዚያ የነርሷ ድምፅ ፈራ ተባ እያለ መጣ፤ «ዶክተር፣ ካን ኬኛ ሚቲ።» ይህን ያህል ኦሮምኛ አላጣም። «የኛ አይደለም» ማለቷ ነው።

ክፍሌ ስመለስ ዶክተር ሲፈን አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ግርማና ዘይነባ ቆመዋል። «ወይንሸት፣ ካንሰር የለብሽም» አለች። «ያወጣነው ጨርቅ ነው። ከመጀመሪያው ቀዶ ጥገና የተረሳ ጎዝ። ሰውነትሽ ሸፍኖት ነው እጢ የመሰለው።»

ግርማ ሳቀ፤ ሳቁ መሀል ላይ ተሰብሮ ልቅሶ ሆነ። ዘይነባ «አልሐምዱሊላህ» እያለች መሬት ላይ ተቀመጠች። እኔስ? የዳነ ሰው የሚሰማውን ደስታ ጠበቅኩ፤ የመጣው እፍረት ነው። ያ ሁሉ እንባ፣ ያ ሁሉ ሱባዔ፣ እናቴ ያንን ዳገት የወጣችው ለጨርቅ ነው? ላደፈ ፋሻ? ለሰው ምን ብዬ ልናገር ነው?

«ይህ ነገር የትም ይደርሳል» አለች ዶክተሯ። «እኛም ዘንድ ሊደርስ ይችላል። ጮክ ብለን የምንቆጥረው ራሳችንን ስለማናምን ነው።»

«እባክሽ ለማንም አትንገሪብኝ» አልኳት። ግርማንና ዘይነባንም አስማልኩ።

ትኩሳቱ ለቀቀኝ፣ ቁስሉ ከውስጥ ወደ ውጭ እየሞላ ተዘጋ። ቤት ስገባ ሴቶቹ እልል አሉ። «እጢው ወጣ» ብቻ አልኩ። የቀረውን እነሱ ሞሉት፤ ካንሰሩ በጸበል ተነቅሎ ወጣ ተባለ። በማኅበሩ ላይ ተነገረ። ሜኤሶ ደረሰ፣ ቦርደዴ ደረሰ። መንገድ ላይ የማላውቃቸው ሰዎች ትከሻዬን ይስማሉ። ውሸት አልተናገርኩም፤ ግን ዝም አልኩ። ዝምታዬ ማንን ይጎዳል ብዬ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ቤቴ ሰው ሞልቶ ሳለ አንዲት ሴትዮ ከቦርደዴ መጡ። እትዬ በላይነሽ ይባላሉ። ጉልበቴን ካልሳምኩ አሉ፤ አነሳኋቸው። ጡታቸው ላይ እብጠት ወጥቶ ሐኪም ቀጠሮ ሰጥቷቸዋል። «ልሄድ ነበር ልጄ» አሉ፣ «ያንቺን ተአምር ስሰማ ተውኩት። ለወንድ ሐኪም ጡቴን ከማሳይ እኔም እንዳንቺ አሰቦት ገብቼ እቀመጣለሁ። ስንት ሱባዔ ነው የያዝሽ? ንገሪኝ።»

ሁሉም አየኝ። እናቴ አለች፣ የግርማ እህት አለች፣ የነፍስ አባቴ ከጥጉ ተቀምጠዋል።  ዘይነባ ከበሩ አጠገብ ሆና ራሷን በአዎንታ ነቀነቀችልኝ።

«እትዬ፣ እኔ ካንሰር አልነበረብኝም» አልኩ። «ሆዴ ውስጥ የተገኘው ጨርቅ ነው። ሐኪም የረሳው ጨርቅ። ያወጣውም ሐኪም ነው።»

 ከዚያ አንዷ ሳትፈልግ ሳቋ አመለጣት፤ ሌላዋ ተከተለች። የግርማ እህት ግን ተነሳች። «ለጨርቅ ነው እንዲያ ያስለቀስሽን? በእኛ ላይ ስትቀልጂ ከረምሽ?» ብላ ጥላን ወጣች። እስከ ዛሬ በደንብ አላናገረችኝም። እናቴ አንገቷን ደፋች። ከሳቁም ከቁጣውም የእናቴ አንገት መድፋት ነው የገደለኝ።

የነፍስ አባቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኛ የጸለይነው ለጨርቁ አይደለም» አሉ ቀስ ብለው። «ለአንቺ ነው። አንቺም ይኸው ተቀምጠሻል። ጸበሉም የእግዚአብሔር ነው፣ የሐኪሙም እጅ። በላይነሽ፣ ቀጠሮዎን ያክብሩ።»

ወደ ትልቁ ከተማ ሆስፒታልም ደወልኩ። ሌላ ሰው እንዳይደርስበት ብዬ ነው የምደውለው አልኳት ያችን ለስላሳ ድምፅ። «እንደውልልሻለን» አለችኝ። እስካሁን አልደወሉም። ወንድሜ ሄጄ ልጩህባቸው ይላል፤ እሱም በራሱ አፍሯል፣ ያንን ሆስፒታል የመረጥኩት እኔ ነኝ እያለ። እኔ ማንንም አልረገምኩም። ነገር ግን እናንተ የትኛውም ክልል፣ የትኛውም ፎቅ ግቡ፣ መስታወቱን አትዩ። ስማችሁን ይጠይቁ እንደሆነ እዩ። «የገባው ሁሉ ወጥቷል? ቆጥራችኋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ቢቆጡም ጠይቁ። ከቀዶ ጥገና በኋላ ያላችሁ ሕመም እየቀነሰ ካልሄደ የቀደዳችሁ ሰው «ታገሡ» ቢላችሁም ሌላ ሐኪም ይያችሁ። እኔ የማላውቀውን ሰው አክብሬ ስታገሥ ልሞት ነበር።

እትዬ በላይነሽን በቀጠሯቸው ዕለት ራሴ ከቦርደዴ ተቀብዬ ወደ ሆስፒታላችን ወሰድኳቸው። አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ነጠላቸውን በደረታቸው ላይ ጥብቅ አድርገው ይዘዋል። ከፊታችን ወረፋ የያዙ ሁለት ሴቶች እያዩኝ ተንሾካሾኩ፤ «ጨርቋ» ሲሉ ሰማሁ። ከተማው ያወጣልኝ ስም ነው። ፊቴ ጋለ።

እትዬ በላይነሽም ሰምተዋል። ዘወር ብለው አዩኝ።

«አሁንም ታፍሪያለሽ?» አሉኝ።

«አዎ፣ እትዬ። አልለቀቀኝም።»

«እኔስ ተራዬ ሲደርስ ልብሴን እንዴት እንደምፈታ እንጃ። ልሂድ ልሂድ ይለኛል።»

ይህን እንዳሉ ሲስተሯ በሩን ከፍታ ስማቸውን ከነአባታቸው ጠራች። አልተነሡም። ደግማ ጠራች። እትዬ በላይነሽ ነጠላቸውን ለቀቁና እጄን ያዙ።

«እንግዲያው ነይ» አሉኝ፣ «አብረን እንፈር።»

አብረን ገባን።